አንድ ጋሎን በነፍስ ወከፍ

ሂውስተን የኖረ ያውቀዋል፤ ሜይ ሊያልቅ ሲል ዝርዝሩ ይመጣል። በፖስታ ይመጣል፣ በልጆች ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ ይመጣል፣ ከቅዳሴ ስትወጣ መኪናህ መስታወት ላይ ተሰክቶ ታገኘዋለህ። የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ግማሽ ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ወረቀቱ የሚለው ሁልጊዜ ያው ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውሃ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት፤ የማይበላሽ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ ከነድንጋዩ፣ በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ መድኃኒት፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ የተጠቀለለ ፓስፖርትና የቤት ውል፣ በመጨረሻም ፊሽካ። ፊሽካው አያስቅም። ፍርስራሽ ሥር የቀረ ሰው ጮኾ ጮኾ ድምፁ ይዘጋል፤ ፊሽካ ግን እስትንፋስ እስካለ ድረስ ይሰማል።

የኔ ጠብ ከመጀመሪያው መስመር ጋር ነው። “ለአንድ ሰው” ይላል። ስንት ሰው? ወረቀቱ ላይ የተሳለው ቤተሰብ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና አንድ ውሻ ነው። አማት የለችበትም። ዲቪ ደርሶት መጥቶ ሥራ እስኪይዝ ሳሎን የሚተኛ የአክስት ልጅ የለበትም። “በዚህ ሳልፍ እንዴት ዋላችሁ ልበል ብዬ ነው” እያለ ልክ በራት ሰዓት የሚገባ ሰው የለበትም። ይህን ዝርዝር የጻፈው በሩን ዘግቶ ራቱን የሚበላ ሰው ነው። ለእሱ ቤት ጥሩ ዝርዝር ነው።

ባለቤቴ ግን ወረቀት ታከብራለች፤ በዚያ ላይ ቅናሽ ትወዳለች። ቴክሳስ በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለአደጋ ጊዜ ዕቃ የሽያጭ ታክስ የማትቀበልባቸው ቀናት አሏት። ባትሪው፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥኑ፣ የቆርቆሮ መክፈቻው፣ ከ3,000 ዶላር በታች የሆነ ጀነሬተር ሳይቀር ከታክስ ነፃ ነው። የሂውስተን ታክስ 8.25 በመቶ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ 8.25 በመቶ ለማትረፍ ብላ የማትገዛው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤፕሪል ሄደን ገዛን። ውሃውንም ወረቀቱ እንዳዘዘው አሰላችው፤ አምስት ሰው በሰባት ቀን፣ 35 ጋሎን። አምስተኛዋ የልጅ ልጆቿን ልታይ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ናት። አንድ ጋሎን ውሃ ወደ 3.8 ኪሎ ይመዝናል፤ ከኩንታል በላይ ውሃ ተሸክመን ጋራዥ አስገባን ማለት ነው።

ሌላው ዕቃ ሰማያዊ ክዳን ባለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ታሽጎ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሳጥን ገባ። ባለቤቴ በወፍራም እስክሪብቶ “አይነካም” ብላ ጻፈችበት። በአማርኛ። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም።

ከዚያ ወዲያ በሳጥኑ ላይ የደረሰውን ሀሪኬን አያደርሰውም። መጀመሪያ የሄዱት የባትሪ ድንጋዮቹ ናቸው፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ወሰደ፣ የትንሹ ልጅ መኪና ወሰደች፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ወሰደ። ቀጥሎ ብስኩቱ። ቱናው በምሳ ሰዓት አለቀ፤ በማን ምሳ እንደሆነ ምርመራው እስካሁን አልተዘጋም። ጥሬ ገንዘቡ “ለዛሬ ብቻ” ተብሎ ለዕቁብ ተነሳ። ሜይ 16 ቀን ድንገት የመጣ ማዕበል የመሃል ከተማውን ፎቆች መስታወት ሲያረግፍና ብዙ ሰፈር ሲያጨልም፣ የኛ ሰፈር መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ስለተመለሰ ሳጥኑን የከፈተ ሰው አልነበረም። ክዳኑ ተከድኖ፣ ጽሑፉ እንዳለ፣ ሁላችንም እያየነው እናልፍ ነበር። ደስ ይላል እኮ፣ ተዘጋጅቶ መኖር።

እናቴ ሳጥኑን ያየች ቀን “ይሄ ሁሉ መብራት ሊጠፋ ነው ብላችሁ ነው?” አለች።

“እማዬ፣ ውሃም ሊቋረጥ ይችላል።”

“ታዲያ?”

በዚህ ጉዳይ እሷን የሚያስተምር ሰው አልተወለደም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በሌሊት የቧንቧውን የአየር ፉጨት ሰምታ ከእንቅልፏ ተነስታ ባልዲ የምትደረድር ሴት ናት። ሻማው በየትኛው መሳቢያ፣ ክብሪቱ ከሻማው በየት በኩል እንዳለ በጨለማ ታውቀዋለች። ሳጥኑን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ “ጀሪካን የለም?” ብላ ጠየቀች። የለም። ጀሪካን የሌለበት የውሃ ዝግጅት በእሷ ዘንድ ዝግጅት አይባልም፤ ስለዚህ ወደ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ይዣት ሄድኩ። እዚያ ጀሪካን በቀለም ነው። ቀዩ የቤንዚን፣ ቢጫው የናፍታ። እናቴ ቢጫውን አቅፋ አልለቅም አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ የቀዳችው በቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ሻጩ ወጣት በጣም ተጨንቆ ለናፍታ መሆኑን በእጁም በአንገቱም ሲያስረዳት “ልጄ፣ ናፍታ የሚጠጣ ቤታችን የለም፤ አታስብ” አለችው። በአማርኛ ነው ያለችው፤ እሱ ግን ጭንቀቱ ለቀቀውና ሳቀ።

ጁላይ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ስለ ቤሪል ብቻ ሆነ። ጁላይ 2 ቀን ካሪቢያን ላይ ካታጎሪ 5 ደረሰ፤ በአትላንቲክ መዝገብ እንዲህ በጊዜ እዚያ ደረጃ የደረሰ ሌላ የለም። ትንበያው መጀመሪያ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ ቴክሳስ ነበር የሚያመለክተው። ከዚያ ቀን በቀን ወደኛ ያዘነብል ጀመር። የአሜሪካ የነፃነት በዓል ሰሞን ስለነበር ግማሹ ከተማ ሽርሽር ላይ ነው።

አንድ ማታ እናቴ ካርታው ላይ ያቺን ነጭ ሽክርክሪት እያየች ከየት እንደመጣች ጠየቀችኝ። ነገሩ ለእኛ ሰው ትንሽ ያሳፍራል። ከነዚህ ማዕበሎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ብርቱዎቹ፣ የሚወለዱት ከአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውቅያኖስ ከሚገቡ የአየር ሞገዶች ነው፤ ቤሪልም እንደዚያው። ሞገዶቹን ወደ ኋላ ስትከተላቸው ወደ ምሥራቅ ይወስዱሃል፤ ወደ ዳርፉር ተራሮች፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ወደኛ ደጋ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተነሳውን አልቤርቶ የተባለውን ሀሪኬን ተመራማሪዎች ዱካውን ተከትለው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ እስከተሰበሰበ የነጎድጓድ ደመና ድረስ አድርሰውታል።

“እኛ አገር ያጉረመረመው ነው እዚህ መጥቶ ጣራ የሚነቅለው?”

“ሁሉም አይደለም፣ አንዳንዱ።”

“ይሄኛውስ እኔን ተከትሎ ነው የመጣው” አለችና አማተበች። ከሷ በኋላ ነዋ አትላንቲክን የተሻገረው።

እሁድ ጁላይ 7 ቀን ሳጥኑ ተከፈተ። ውስጡ ፊሽካው፣ የቆርቆሮ መክፈቻው፣ ድንጋይ የሌለው ራዲዮ፣ ድንጋይ የሌላቸው ባትሪዎችና አንድ ማሰሮ የኦቾሎኒ ቅቤ አለ። የኦቾሎኒ ቅቤው ላይ የማንኪያ ምልክት ነበር። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ቁልፏን አንስታ ወደ መኪናው ሄደች። እኔም ተከተልኩ።

ሀሪኬን ነገ ሊገባ ነው በተባለ ቀን መደብር ውስጥ ሰው ምን እንደሚያነሳ ማየት ትምህርት ነው። ዳቦ የለም። ድንጋይ የለም። የውሃው መደርደሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ሆኖ አንድ ረድፍ ብቻ ቀርቶበታል፤ ጋዝ ያለው የወይን ፍሬ ጣዕም ውሃ። ጋራዥ ያለን 35 ጋሎን ይበቃናል ብል ባለቤቴ ረድፉን ጠራርጋ ጫነችው። እናቴ ስታየው ፊቷ በራ። “አምቦ ውሃ አለ እንዴ እዚህ?” በዚያ ሳምንት ለጨጓራ የሚሆን ነገር ያገኘች እሷ ብቻ ነች። ሽሮ ግን አይፈላበትም፤ ሞክረነዋል፤ ይገነፍላል፣ ጣዕሙንም አልገልጸውም።

ቤሪል ሜክሲኮ ላይ ደክሞ ወደኛ ሲመጣ ካታጎሪ 1 ነበር። “ካታጎሪ 1 እኮ ነው” የማይል ሰው አልነበረም። ይህ ከ1 እስከ 5 የሚሄደው የሳፊርና የሲምፕሰን መለኪያ የሚለካው ንፋስን ብቻ ነው፤ ውሃ አያውቅም። ሀርቪ በኦገስት 2017 በካታጎሪ 4 የብስ ረግጦ ጉዱን ያፈላው ንፋሱ ከደከመ በኋላ ነው። አንድ ቦታ ተቀምጦ ዘነበ። ኔደርላንድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ፤ አዲስ አበባ ክረምት ከበጋ ተደምሮ በዓመት ከሚዘንብላት ይበልጣል። ያኔ ነው ብዙ የኛ ሰው የቤት መድን ጎርፍን እንደማይሸፍን የተረዳው። የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል፤ ከተገዛም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም። ደመና አይተህ አትገዛውም።

ለመሸሽ ያሰበ ሰውም ነበር። የዕቁባችን ሰብሳቢ ጋሼ ግን በስልክ አስቆሙት። ጋሼ እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊየንስን ባጠፋች በሳምንታት ውስጥ ሪታ መጣች ሲባል ከሸሹት አንዱ ናቸው። ያኔ ከተማው በአንድ ጊዜ ነቅሎ ወጣ። መንገዱ መኪና ማቆሚያ ሆነ፣ ቤንዚን አለቀ፣ ሙቀቱ ሰው ጣለ። ከማዕበሉ ይልቅ ሽሽቱ ብዙ ሰው ገደለ። “ከውሃ ሽሽ፣ ከንፋስ ተደበቅ” የሚለውን የዚህ አገር ምክር ጋሼ የሚናገሩት እንደ ዳዊት ነው። እኛ ከባሕሩ ራቅ ያልን ስለሆንን ተደበቅን።

እናቴ በበኩሏ ቤት ውስጥ ክዳን ያለውንም የሌለውንም ዕቃ ሁሉ ውሃ ሞላችው። ድስት፣ ባልዲ፣ ቢጫው ጀሪካን፣ የልጆቹ የፕላስቲክ መዋኛ፣ በመጨረሻም የገላ መታጠቢያ ገንዳው እስከ አፉ። በገንዳው ላይ ፎጣ አለበሰችውና “ማንም እንዳይነካ” ብላ አወጀች። የሷ ትእዛዝ የሚነበብ ስላልሆነ ልጆቹ አከበሩት።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ገባ። የንፋሱን ነገር ብዙ አላወራም፤ ንፋስ ነው። የጓሮው አጥር በየተራ ተንጋለለ፣ የጎረቤት ዛፍ መንገዱን ዘጋ፣ ትራንስፎርመር በፈነዳ ቁጥር ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ የፍሪጁ ድምፅ ዝም አለ። እናቴ ከጨለማው ውስጥ “ሄደ” አለች፤ ተመልሳም ተኛች።

የሀበሻ ቤት መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታሰበው ጣራ አይደለም፣ ፍሪዘር ነው። ፍሪዘራችን ውስጥ በሰው በሰው ተልኮ የመጣ የአገር ቅቤ፣ በርበሬ፣ ለክትፎ የተዘጋጀ ሥጋ፣ ግማሽ በግ፣ በአይስክሬም ዕቃ የታሸገ ዶሮ ወጥ አለ። ሥጋው የሐምሌ 5ን ነው የሚጠብቀው። ያን ሰኞ ሐምሌ 1 ነበር፣ የሰኔ ጾም ገና አልተፈታም። ፍሪዘር ከሞላና ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ግማሽ ብቻ ከሆነ 24። ባለቤቴ ቀደም ብላ በኩባያ ውሃ አቀዝቅዛ ላዩ ላይ አንዲት ሳንቲም አስቀምጣለች፤ ሳንቲሟ ከሰጠመች በረዶው ቀልጧል፣ ምግቡም አይታመንም ማለት ነው። እናቴ ይህን ብልሃት ወደደችው። ከወደደችው የተነሳ “ሳንቲሟ እንዴት ነች?” እያለች ፍሪዘሩን ማስከፈት ጀመረች፤ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ ቅዝቃዜው ይወጣል።

ሂሳቡ ይህ ነው። አርባ ስምንት ሰዓት ሲሞላ ረቡዕ ነው፤ ረቡዕ ጾም ነው። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5፤ በዚያ ዓመት ዓርብ ዋለ፤ ዓርብ ደግሞ ያው ዓርብ ነው። ሥጋው መብላት የሚቻልበት ቅዳሜ ላይ ሳይደርስ ይሞታል። የአክስቴ ልጅ “በችግር ጊዜ ይፈቀዳል” የሚል ነገር ጀምሮ ነበር፤ እናቴ አየችው፤ ሳይጨርስ ተወው። ረቡዕ ጠዋት ሥጋው ገና በረዶው ሳይለቀው፣ ሳንቲሟም ግማሽ አካሏ ጠልቆ፣ ሁሉም ለሜክሲኳዊው ጎረቤታችን ተላለፈ። ጎረቤታችን ጓሮው ውስጥ ጥብሱን ጀመረ። አጥሩ ወድቋል አላልኩም? ጢሱ ቀጥ ብሎ እኛ ቤት ገባ። ጿሚዎች በሙሉ በረንዳ ላይ በሶ በጥብጠን ይዘን ተቀመጥን።

ሊጡም አለ። እናቴ ቅዳሜ ያቦካችው የጤፍ ሊጥ ሰኞ ሊጋገር ነበር፤ ምጣዱ ግን ኤሌክትሪክ ነው። የጁላይ የሂውስተን ቤት ያለ ማቀዝቀዣ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው መንገር ከባድ ነው፤ ሊጡ ግን ወደደው። ማታ ላይ የባልዲው ክዳን ከፍ ከፍ ሲል አየሁት። ከዚያ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ፣ ቡፍ የሚል ድምፅ ወጣ፣ ግራጫው አረፋ በባልዲው ጎን ቀስ እያለ ወረደና ንጣፉ ላይ ተኛ። እናቴ አየችው፤ “ኩፍ ብሎልኛል” አለች፣ በኩራት። ምድጃችን የጋዝ ስለሆነ በክብሪት ይለኮሳል። በእንቁላል መጥበሻ ላይ ለአሻንጉሊት የሚሆኑ እንጀራዎች እያወጣች እስኪነጋጋ ጋገረች።

የጋዝ ምድጃ አለን የሚለው ወሬ እንዴት እንደተሰማ አላውቅም፤ የማንም ስልክ ቻርጅ አልነበረውም። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ግን በራችን ላይ ጫማ ተደርድሯል። ከተማውና አካባቢው ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት አጥቷል፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሁሉ ቡና አጥቷል። ጋሼ ከነባለቤታቸው መጡ። ከልጆቻቸው ጋር የመጡ አሉ። አምስት ሰው በሰባት ቀን ያለችው ባለቤቴ ሳሎኑን በዓይኗ ስትቆጥር አይቻታለሁ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ጀምራ ተወችው።

የሚገርመው ውሃው ነው። ቧንቧው ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም። 35 ጋሎን ጋራዥ፣ አምቦ ውሃው በካርቶን፣ ገንዳው እስከ አፉ፣ ቧንቧውም ይወርዳል። በዚያ ሙቀት እንግዳ ሁሉ የሚመኘው አንድ ነገር ገላን መለቃለቅ ነው፤ ገንዳው ግን በውሃ ተይዟል፤ በሩ ላይ እናቴ አለች። “ቢቋረጥስ?” ትላለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ስላልነበረ በተራ በተራ ጓሮ ወጥተን በአትክልት ማጠጫ ጎማ ተለቃለቅን። ጋሼም ጭምር፣ በሙሉ ክብራቸው፣ ኮፍያቸውን ለባለቤታቸው ሰጥተው።

ከእንግዶቹ አንዷ ከሰል ማንደጃና ጀበና ይዛ መጥታ ነበር። ቡና በጋዝ ተፈልቶ ቡና አይሆንም የሚል ሃይማኖት አላት። ውጭ እያካፋ ስለሆነ ሳሎን ልታቀጣጥል ስትል ባለቤቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ምክንያት አላት። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ ጊዜ መብራት ሲያጣ ሰው ለመሞቅ ብሎ ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጠለ፣ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ ተቀመጠ። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ምታት ነው፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው። በዚያ ሰሞን እዚህ ከተማ ከሞቱት መካከል የኛው አገር ሰዎች ነበሩበት። ሳሎኑ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ማንደጃው በረንዳው ጫፍ ላይ ወጣ፣ ጃንጥላ ተያዘለት፣ ቡናው እዚያ ፈላ። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ባልደረባው የተዋሰው ጀነሬተርም እንዲሁ፤ ከመስኮቱ ሥር ሊያስነሳው ነበር። ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ፣ ስድስት ሜትር፣ ይራቅ ተባለ፤ ስድስት ሜትር ሲርቅ ወደ ጎረቤታችን ጥብስ ደረሰ። ኤክስቴንሽኑ ለሁለት ተከፈለ፤ የኛን ፍሪጅና የእሱን።

ፍሪጁ ያለ ምክንያት አይደለም። ዝርዝሩ “መድኃኒት” ብሎ በአንዲት ቃል ያለፈው ነገር ጋሼ በትንሽ የበረዶ ሳጥን ይዘውት የመጡት ኢንሱሊን ነበር። ኢንሱሊን ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 28 ቀን ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ግን ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ነው። ቤታችን ያን ጊዜ ከዚያ በላይ ነበር። በረዶው ላይ በቀጥታም አይቀመጥም፣ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። ጀነሬተሩ እስኪመጣ ድረስ ባለቤቴ በፎጣ ጠቅልላ፣ ቴርሞሜትር አስገብታ፣ እንደ አራስ ጠበቀችው። በረዶ ፍለጋ የሚወጣ ሰው በተራ ተመደበ።

በረዶ ለመፈለግ ደግሞ የት መብራት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። የመብራት መቋረጡን ሊያሳይ የሚገባው ካርታ አይሠራም ነበር። ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ዋታበርገር የሚባል በቴክሳስ በየማዕዘኑ ያለ የሀምበርገር ቤት አለ፤ ስልክ ላይ ያለው ካርታው ክፍት የሆነውን ቅርንጫፍ በብርቱካንማ፣ ዝግ የሆነውን በግራጫ ያሳያል። ብርቱካንማው ባለበት መብራት አለ። ከተማው በሙሉ መንገዱን በሀምበርገር ካርታ ያሰላ ጀመር። እናቴ የአክስቴ ልጅ በጾም ቀን ያን ካርታ አፍጥጦ ሲያይ አግኝታው ያልሆነ ነገር ጠርጥራለች፤ እኔም እስካሁን ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም።

መብራቱ የመጣ ማታ ሰፈሩ በአንድ አፍ ጮኸ። ሜክሲኳዊው ጎረቤታችን በስፓኒሽ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቬትናሞች በራሳቸው፣ እናቴ ደግሞ ከሁሉም በላይ “መጣ!” እያለች እያጨበጨበች። የልጅ ልጆቿ ከእሷ ተምረው ከዚያ ወዲህ መብራት ሲበራ ሁሉ፣ የመኝታ ቤቱንም ቢሆን፣ “መጣ!” ይላሉ። ገንዳው በማግስቱ ተለቀቀ።

ቤሪል የሚለው ስም ከዝርዝር ወጥቷል፤ ብዙ ጥፋት ያደረሰ ሀሪኬን ስሙ ዳግም ለሌላ አይሰጥም፣ በምትኩ ብሪያና ገብታለች። እናቴም አገሯ ገባች፣ አብሯት የሄደው ቢጫ ጀሪካንም በርበሬ ልካበት ሳይመለስ አይቀርም። እንደገና ሜይ ሲመጣ ወረቀቱ መጣ፤ እዚያው አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና ውሻ። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ይዛ ወደ ዕቁብ ሄደች። ለየብቻ ከምናከማች ለምን አንከፋፈልም? ጋሼ ሐሳቡን አነሱት፣ ስብሰባው እንደ ወጉ ከሰዓት እስከ ማታ ቆየ። ጀነሬተሩ የጋራ ይሁን ተባለ፤ ከማን ቤት ይቀመጥ በሚለው ላይ ሁለት ቤተሰብ ተኳርፏል። ውሃው ሰፊ ጋራዥ ላላቸው፣ ራዲዮና ድንጋይ ልጅ ለሌላቸው፣ በሶና ቆሎ ለጋሼ ባለቤት፣ ጥሬ ገንዘቡ ከዕቁቡ ተቀንሶ በጋሼ እጅ። የኛ ቤት ስም ሲደርስ ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

“እናንተ ዘንድ ሰው ይበዛል” አሉ። “እናንተ ጋ የተቀመጠ ዕቃ ይበላል። ሁላችንም ደግሞ ለምድጃው ብለን መምጣታችን አይቀርም።”

ጉባኤው ተስማማ። ባለቤቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀድመው ቃለ ጉባኤ ለሚይዘው ልጅ አስጻፉት፤ ለእነሱ ቤት ፊሽካው።